ፍርሃት መዛኙና ወጌሻዋ

የዚያን አገር ስም አትጠይቁኝ፣ ልጆቼ። ብነግራችሁም መንገዱን አታውቁትም፤ መንገዱን ብታውቁት ደግሞ ሄዳችሁ ሰዎቹን ታስቸግሯቸዋላችሁ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ እንደነሱ ሕግ የሚያከብር ሰው አላየሁም። ሕጉ መንገድ ሲስት እነሱም አብረውት ይስታሉ እንጂ ብቻውን ጥለውት አይሄዱም።

የኔ ሥራ ውሃ መቅዳት ነበር። የቤት ውሃ አይደለም፤ የመንግሥት ውሃ ነው። ከምንጩ ቀድቼ፣ ጣባ በምትባል ትንሽ የሸክላ ሳህን አፍ እስከ አፏ ሞልቼ፣ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ ለፍርሃት መዛኙ አቀብላለሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ስጀምር የቆመ ነው። ለዚህ ሥራ ግን የሚፈለገው ረጋ ያለ እርምጃ ብቻ ስለነበረ አላፈርኩበትም።

ፍርሃት መዛኝ የሚባለው ሹመት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዚያ ከተማ ሰው ቤቱ ውስጥ ሳለ የገባበትን ሰው ቢገድል ሦስት ነገር ይጠየቅ ነበር። አንደኛ፣ የገባው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቷል ወይ? ከተጣራ እንግዳ ነው፤ እንግዳ አይገደልም። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ የሚሸሽበት ሌላ በር ነበረው ወይ? ካለው መሸሽ ነበረበት። ሦስተኛ፣ ፈርቶ ነበር ወይ? ሦስቱም ከተሟሉለት ገዳዩ ነፃ ነው፤ እጁን ታጥቦ ራቱን ይበላል። አንዱ ከጎደለ ቤቱ እስከ መሠረቱ ይፈርስና እሱ ከወንዙ ማዶ ይሻገራል። ከዚያ የተመለሰ የለም።

ሰዉ ይህን ሕግ እንደሰማ ወዲያው መዘጋጀት ጀመረ። ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድሞ ለመመለስ ከተማው በሙሉ የጓሮ በሩን በጭቃ መረገ። ዓመት ሳይሞላ ባለ ሁለት በር ቤት ጠፋ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ መስኮት በር ነው፣ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ቀጫጮቹ ሰዎች መስኮታቸውን እንዲደፍኑ ታዘዘ፤ ለወፍራሞቹ ስለማያልፉበት ተተወላቸው። አንድ ሰሞን እሳት ተነሥቶ ሰው በጣራ ሲወጣ አይቻለሁ። ጣራ በር እንዳልሆነ ቀደም ብሎ ተወስኖ ስለነበር የተቸገረ አልነበረም።

መንገደኛውም በበኩሉ ተጠነቀቀ። ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ድንገት ዝናብ ቢይዘኝና አንዱ ቤት ልጠለል ብል ብሎ፣ ገና ከሩቁ «ቤቶች! ቤቶች!» እያለ ነበር የሚሄደው። መንገዱ ቀኑን ሙሉ በጥሪ ይጮሃል። ማን እንግዳ ማን አላፊ እንደሆነ ስለማይለይ «ግቡ» የሚል ሰው እየጠፋ ሄደ።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው የኔ አለቃ ሥራ። አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ በዚያ ሹመት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይተዋል። ፍርሃት እንዲህ ይመዘናል። ገዳዩ ነገሩ በሆነበት ቤት፣ በሆነበት ሰዓት፣ ያን ጊዜ በቆመባት ቦታ ይቆማል። እኔ የሞላችውን ጣባ መዳፉ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የሟቹ የቅርብ ዘመድ በሟቹ ፈንታ በበሩ ይገባል። የገዳዩ እጅ ተንቀጥቅጦ ውሃው ከፈሰሰ ያን ቀንም ፈርቶ ነበር ማለት ነው። አቶ ልሳነወርቅ የጎደለውን በጣታቸው ለክተው «አንድ ጣት ፍርሃት» ወይም «ሁለት ጣት ፍርሃት» ብለው ይናገራሉ። ሁለት ጣት ነፃ ያወጣል።

ከገበያው ጀርባ አቶ ድልነሳው የሚባሉ የመንቀጥቀጥ መምህር ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ያስተምራሉ። «ከክርን ነው የሚጀምረው!» ይላሉ በደቀ መዛሙርቱ መሀል እየተዘዋወሩ። «ጣቱ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብርድ ነው የመታው። አንተ፣ ትከሻህን ልቀቀው! እንዲህ ሆነህ ሰው ገድለህ ቢሆን ኖሮ አሁን ወንዝ ማዶ ነበርክ!» ከሰዓት በኋላ ደግሞ የከተማው ከሳሽ እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው መያዙን ሰዉ ይወደው ነበር፤ ማን በደንብ እንደሚንቀጠቀጥ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዴ መትቶ ያቆመ ሰው ይጠረጠር ነበር። የፈራ ሰው ማቆሚያውን በምን ያውቃል? ይባላል። አንዱ ጎረቤቴ ዶሮ ሊሰርቅ የገባበትን ሰው አሥራ አንድ ጊዜ መትቶ፣ በከተማው ፊት ተመስግኖ፣ ሦስት ጣት ፍርሃት ተመዘነለት። እኔም ጣባዬን ይዤ እዚያው ነበርኩ። ያን ቀን ምንም አላልኩም፤ ዛሬ ግን ለናንተ ስነግራችሁ ደስ አይለኝም።

አሁን ስለ ትጓደድ ልንገራችሁ።

ትጓደድ ወጌሻ ነበረች። ውልቃት ትመልሳለች፣ ስብራት ታስራለች። እጇን ብታዩት! ወፍራም፣ አጭር፣ ቅቤ የጠገበ እጅ ነው። እንኳን ሰው፣ የተሰበረ እግር ያለው በግ እንኳ እጇ ሲያርፍበት መጮኹን ይተዋል። እሷ ጋ የሄደ ሰው ሲመለስ ስለ ሕመሙ አያወራም፤ ስለ እጇ ነው የሚያወራ። አለመንቀጥቀጧን ልብ ብሎ ያየ ግን አልነበረም። ሰው የሚጠቅመውን ነገር እንዲህ ነው የሚያልፈው።

በዚያ ከተማ የጓሮ በሯን ያልደፈነች እሷ ብቻ ናት። መራመድ የማይችሉትን በሽተኞች በሰሌን ተሸክማ በዚያ በር አውጥታ ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር።

«ትጓደድ፣ ኧረ በሩን ድፈኝው፤ አንድ ቀን ሰው ቢገባብሽ ምን ልትይ ነው?» ይሏታል ጎረቤቶቿ።

«ሰው ከገባማ የሚያመውን እጠይቀዋለሁ» ትላለች።

ይስቁባት ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ይርሳው የሚባል እንጨት ቆራጭ ቤቷ ተኝቶ ነበር። ከዛፍ ወድቆ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰብሯል። ይርሳውን ጓንጉል የሚባል ሰው ይፈልገው ነበር፤ ምክንያቱን ላሳጥርላችሁ። የጓንጉል ወንድም ሰው ገድሎ «ሌላ በር የለኝም» ሲል፣ ይርሳው «ከገለባው ክምር ጀርባ አለ፤ አይቻለሁ» ብሎ መስክሮበታል። እውነቱን ነው። በዚያ ቃል የወንድምየው ቤት ፈርሶ፣ እሱ ከወንዙ ማዶ ሄዷል። ጓንጉል ታናሹ ነው፤ ያሳደገው ወንድሙ ነበር።

ትጓደድ የይርሳውን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በሸንበቆ ስታስር ጓንጉል ገጀራ ይዞ ገባ። አልተጣራም።

እሷም እግሩን ከጭኗ ላይ ቀስ ብላ አንሥታ ትራስ ላይ አስቀመጠች። ቀስ ያለችው ፍጥነት አጥንቱን ስለሚያበላሸው ነው። ከግድግዳው አጠገብ የቆመውን ዘነዘና አነሣች፣ ጓንጉልን ቀኝ ትከሻው ላይ አንዴ መታችው። ገጀራው ወደቀ፤ በእግሯ ገፍታ በጓሮ በር አወጣችው። የጓንጉል ትከሻ ከቦታው ወጥቶ ነበርና ተንበርክካ መለሰችለት፣ አሰረችለት፣ ከይርሳው ጎን ሌላ ሰሌን አንጥፋ አስተኛችው።

ሊገድል የመጣውና ሊገደል የነበረው ጎን ለጎን ሳምንት ተኙ። እኔ ልጠይቃቸው ሄጄ ስሰማ እንዲህ ይባባሉ ነበር፦

«ጓንጉል፣ ትራሱን ወደዚህ ገፋ አድርገው።»

«አፍህን ዝጋ።»

«ክንድህ እንዴት አደረ?»

«ያማል አላልኩህም? ያንተስ?»

«ያሳክከኛል።»

«ሊድን ሲል ነው፤ እሷ ናት ያለችው» ይልና ጓንጉል ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ነገሩ አቶ ድልነሳው ጆሮ ሲደርስ ክስ ሆነ። ክሱ ሳይፈሩ መምታት የሚል ነው። እሳቸው አደባባይ ወጥተው ሲያስረዱ እንዲህ አሉ፦ «ገድላው ቢሆን ሦስቱን ጥያቄ ጠይቀን እንገላገል ነበር። ባትመታው ምንም አንጠይቃትም። መትታ አለመግደሏ ግን ምን የሚሉት ነው? ከፈራችው ለምን አከመችው? ካልፈራችው ለምን መታችው? አጥንት መርጣ ነው እኮ የመታችው! የፈራ ሰው አጥንት ይመርጣል?» ሰዉም ተያይቶ፣ እውነትም አይመርጥም አለ። የምትወደደውን ያህል ተወዳ፣ ሕጉ ሕግ ነውና ቤቷን የሚያፈርሱት ሰዎች ዶማቸውን መሳል ጀመሩ። ከነሱ አንዱ የራሱ ክንድ በሷ ማሰሪያ ታስሮ ነበር፤ በግራው እየሳለ ያለቅሳል።

እሷ ጋ ያኔ ዘጠኝ በሽተኛ ተኝቷል። እሷ ከወንዙ ማዶ ከሄደች ከተማው ሌላ ወጌሻ የለውም። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ምዘናው ግን ሦስት ቀን ዘገየ። ሕጉ የሟች የቅርብ ዘመድ በሟች ፈንታ ይግባ ይላል፤ ሟች ደግሞ አልሞተም። አንዳንዱ ልማዱ እንዳይጣስ ዘመዱ ይፈለግ አለ። ዘመዱ ወንዝ ማዶ ነው። አንዱ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ጓንጉል ለዚያች ሰዓት ያህል እንደ ሞተ ይቆጠርና እኔ በፈንታው ልግባ አሉ። ጓንጉል ይህን ሲሰማ ከሰሌኑ ላይ ሆኖ «እኔ እኮ አለሁ!» ብሎ ጮኸ። አቶ ልሳነወርቅም ሁለት ቀን አስበው፣ ሰውየው ለራሱ የቅርብ ዘመድ ሊባል ይችላል ብለው ወሰኑ።

ሰዓቱ ደረሰ። ሰዉ በደጃፉም በጓሮ በሩም ተጠቅጥቆ ያያል። በሁለት በር ምዘና ሲታይ የመጀመሪያው ነበርና ብዙ ሰው ቦታ አገኘ። ይርሳው እሰሌኑ ላይ ነው። ትጓደድ ከጎኑ ቆማለች። እኔ ጣባዋን ይዤ ገባሁ፤ አንድ ጊዜ የወለቀ ጉልበቴን ያስተካከለችልኝ እሷ ናት።

«ትጓደድ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ «ሲገባ ተጣርቷል?»

«አልተጣራም።»

«የምትሸሺበት በር ነበረሽ?»

«ነበረኝ። ይኸውላችሁ፣ ሰው ሞልቶበታል እንጂ ያን ቀንም ክፍት ነበር።»

ሰዉ «ኧረ!» አለ። በዚያ ቦታ ላይ «ነበረኝ» ብሎ የመለሰ ሰው ሰምቶ አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም?»

«ይርሳው መውጣት አይችልማ።»

አቶ ድልነሳው ብድግ አሉ። «ሕጉ የጠየቀው ያንቺን እግር ነው! የሱን እግር ማን ጠየቀ?»

«የሱ እግር እኮ ጭኔ ላይ ነበር፣ ጋሼ» አለቻቸው።

አቶ ልሳነወርቅ ወደኔ አዩ። ጣባዋን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። «ይግባ» አሉ።

ጓንጉል ቀኝ ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ገጀራውን በግራው ይዞ በበሩ ገባ። እኔ ውሃውን ነው የማየው። ሃያ ሁለት ዓመት ስንት ጣባ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ውሃ አላየሁም። የጣራው ቀዳዳ ብርሃን ውስጡ ቁጭ ብሎ ይታያል። ንቅንቅ አላለም። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

«ይኸው!» አሉ አቶ ድልነሳው። «ባዶ! ጣት አይደለም፣ ጥፍር አይሞላም!»

«ትጓደድ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፤ ድምፃቸው የሹም ድምፅ አልመስል አለኝ፣ «ያን ቀን ፈርተሽ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ የት ነው ያለው? ውሃው ላይ የለም።»

«እጄ ላይማ እንዴት ይሆናል? ይህ እጅ የሰው አጥንት የሚይዝ ነው። ፍርሃቴን ሌላ ቦታ ነው የማስቀምጠው።»

ይህኔ ከሰሌኑ ላይ ያለው ይርሳው ያለቅስ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ወደሱ ዞሩ። «አንተስ፣ ምን አየህ?»

«እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

አቶ ልሳነወርቅ ጣባዋን ከትጓደድ እጅ አስነሥተው ይርሳው መዳፍ ላይ እንዳደርግ አዘዙኝ። ገና ሳላስቀምጠው ውሃው ሰሌኑ ላይ አለቀ፤ ሸንበቆውም ራሰ። «አራት ጣት» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«እሱ ባለቤት አይደለም!» ብለው ጮኹ አቶ ድልነሳው። «የባለቤቷ ፍርሃት ነው የሚፈለገው! ቤቱ ውስጥ ፍርሃት ቢኖርም ያለ ቦታው ነው ያለው!»

«ያለ ቦታው ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅም፣ እያዘኑ። ሕጉን ያውቁታል። ከደጅ ዶማ ሲነሣ ሰማሁ። ትጓደድ ጎንበስ ብላ የራሰውን የይርሳውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች፤ በደረቅ ልትለውጥለት ነው። ቤቷ ሊፈርስ ሲል እንኳ ያ እግር እንዳይበሰብስ ታስብ ነበር።

«እኔ ልናገር?» አለ ጓንጉል።

አቶ ድልነሳው ሳቁ። «የገባ ሰው በዚህ ሥርዓት ተናግሮ አያውቅም!»

«አያውቅም» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ነገሩን ገና እየሰሙት እንዳሉ ሰው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ተናግሮ አያውቅም። ከልክለነው አይደለም። ሞቶ ስለምናገኘው ነው።» ከዚያ ለጓንጉል ምልክት ሰጡት።

«ይህን ሰው ልገድለው ነው የመጣሁት» አለ ጓንጉል ይርሳውን በገጀራው እየጠቆመ። «እሱን አልክድም። ስገባ ዓይኗን አየሁት። እኔ ከዚያ በፊት እንዲህ የፈራ ዓይን አይቼ አላውቅም፤ ፍርሃቷን አይቼ ነው እኔም የፈራሁት፣ አትለቀኝም ብዬ። ዘነዘናውን ስታነሣ ወደ አናቴ ነበር የሚመጣው። አናቴ ክፍት ነበር። መሀል ላይ ሲዞር አየሁት፤ ይህን ስላችሁ ዘነዘናው መንገድ ሲቀይር በዓይኔ አይቻለሁ። ትከሻዬ ላይ አረፈ። ትከሻዬን ስትመልስልኝ ስጮኽ 'ዝም በል፣ አለቀ፣ አለቀ' ትለኝ ነበር። ካሰረችኝ በኋላ በዚያ በር ወጣች። ስታስመልስ ሰማኋት፤ ሦስት ጊዜ። አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰችና የዚህን ሰውዬ የቀረች ማሰሪያ አሰረች። ከዚያ እኔና እሱ መሀል ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። እሱ እንዳይሰማና እንዳይደነግጥ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እስከ ማታ ድረስ እንደዚያ ሆና ተቀመጠች። እኔ ነኝ ያየኋት። ሌላ ያየ የለም።»

«ይዋሻል!» አሉ አቶ ድልነሳው። «ትከሻው እሷ እጅ ውስጥ ነው!»

«ወንድሜ ቤቱ የፈረሰው በናንተ ሕግ ነው» አለ ጓንጉል። «እኔ ለዚህ ከተማ የምውለው ምን ውለታ አለኝ? ብትፈርዱባት ወንድሜ ማዶ ሰው አገኘ ብዬ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ግን ስላየሁ አየሁ አልኩ።»

ትጓደድ ቀና አላለችም። ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። የተሰማባትን ነገር ያፈረችበት መሰለኝ።

አቶ ልሳነወርቅ ወደኔ ዞሩና «ውሃ» አሉኝ። ሌላ ጣባ ሞልቼ አቀበልኳቸው፤ እንደገና ሊመዝኑ መስሎኝ ነው። እሳቸው ግን አንሥተው ጠጡት። ግጥም አድርገው። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ውሃ ስቀዳ የሚጠጣ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አፋቸውን በእጃቸው ጠርገው እንዲህ አሉ፦

«ስንት ሰው መዝኜ ነፃ አወጣሁ፤ ፍርሃቱን በዓይኑ ያየውን አንድ ሰው ግን ጠይቄ አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሹም ሆኖ እንዲህ ያለ ሰው ሰምታችኋል፣ ልጆቼ? እኔ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ስማቸውን ስጠራ ኮፍያዬን የማወልቀው።

ፍርዳቸው እነሆ። «ከዛሬ ጀምሮ ፍርሃት በውሃ አይመዘንም። አስቀድሞ የሚጠየቀው የገባው ሰው ነው፤ ባለቤቱ ፈርቶ እንደነበር እሱ ይናገር። በር ያለው ሰው ደግሞ ለምን አልሸሸህም ሲባል፣ ማንን ትቶ ሊሸሽ እንደነበር አብሮ ይጠየቅ።»

«የገባው ሰው ሞቶ ከሆነስ?» አሉ አቶ ድልነሳው። ተንኮል አልነበረበትም፤ ሥራቸው ነው።

«ሌላ መንገድ ያጣ ሰው ይገድላል። ሕጉ ፈቅዶለታል፤ እኔም አልከለክልም። አናት ብቻ ከታየው አናቱን ይምታ። ግን የገደለ ሰው የራሱን ምስክር ገድሏልና፣ ለእያንዳንዷ ምት ለምን እንዳስፈለገች በራሱ አፍ ቁጭ ብሎ ያስረዳ። አሥራ አንድ ከሆነች አሥራ አንዱን።»

ትጓደድ ነፃ ወጣች፤ ደጅ ላይ ዶማዎቹ ወደ ትከሻ ወጡ። በግራው የሚስለው ሰውዬ ዶማውን ጥሎ እልል አለ፤ ወንድ ሆኖ እልል ማለቱን ማንም አላረመውም።

እንግዲህ ያ ከተማ ሕግ ካገኘ አይተኛም ብያችኋለሁ። በሳምንቱ የጓሮ በሮች ተከፈቱ። አቶ ድልነሳው የመንቀጥቀጥ ትምህርታቸውን ዘግተው አንዴ መትቶ የማቆም ትምህርት ከፈቱ፤ ትጓደድ ጋም መጥተው ለተማሪዎቹ የትኛው አጥንት ለመመታት እንደሚመች እንድታሳይላቸው ለመኗት። «አጥንት በማሰር ነው የሚታወቅ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ይምጡና ስብራት ይሰሩ።» ስድስቱ መጡ፤ ሁለቱ ደህና ወጌሻ ወጣቸው። ጓንጉል ትከሻው ሲድን ወደ ወንድሙ ወንዙን ተሻገረ። ሲሄድ ለይርሳው ገጀራውን ሰጠው፤ ለእንጨት ቆረጣ ይበጅሃል ብሎ።

እኔ ደግሞ የሚሞላ ጣባ ስለሌለ ሥራ ፈታሁ። ትጓደድ «ረጋ ያለ እጅ አለዎት፤ ሸንበቆ ይያዙልኝ» አለችኝና እሷ ቤት ገባሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ አንድ የታችኛው ሠፈር ሽንኩርት ነጋዴ ሰው በጀርባው አዝሎ እየሮጠ መጣ። ሁለቱም ደም በደም ናቸው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ እጁ የተሸከመውን ሰው ስለያዘ መጥረግ አልቻለም።

«እትዬ ትጓደድ! ይድረሱልኝ! እንዳይሞትብኝ!»

«ምንህ ነው?»

«ሌባዬ ነው!» አለ፤ አልቅሶ ነው የሚናገረው። «ጓዳዬ ገብቶ ጩቤ አወጣብኝ፤ በፍልጥ መታሁት፤ አንዴ ብቻ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል አንዴ ብቻ! እንደፈራሁ ያየኝ እሱ ብቻ ነው። ከሞተ ቤቴ ፈረሰ!»

አጋደምነው። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ዓይኑ ይገለበጣል። ትጓደድ አናቱን ዳበሰችና «አጥንቱ አልገባም» አለች። «ግን መተኛት የለበትም። ከተኛ አይነሣም። እኔ እስክሰፋው አናቱን ያዝና በስሙ እየጠራህ አነጋግረው። ስሙ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ጠይቀዋ።»

ነጋዴው የሌባውን ራስ በሁለት እጁ አቅፎ ጎንበስ አለ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ጨነቀው። ሊሰርቀው የመጣውን ሰው ያን ያህል ቀርቦ አይቶት አያውቅማ።

«ወንድሜ» አለው በመጨረሻ፣ «ማን ልበልህ?»

ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው «ስንሻው» አለ።

«ስንሻው። ስንሻው፣ አትተኛ። እኔ አያልነህ እባላለሁ። ሚስት አለህ? ስንሻው! ልጅስ? የት ነው አገርህ? ስንሻው፣ እዚህ ነኝ፤ እየኝ እስቲ፣ እኔን እየኝ…»

ትጓደድ መርፌዋን እሳት ላይ አድርጋ አነሣች። እኔ መብራቱን ያዝኩላት። ነጋዴው ፀሐይ ዞራ በጓሮ በር እስክትገባ ድረስ ያን ስም ሲጠራ ዋለ።